ባለታሪኳን ማን ጠየቃት?

ተቀመጡ ወገኖቼ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። የማወጋችሁ ነገር መንገድ አለው፣ መንገዱም አቀበት አለው፤ የቸኮለ ሰው ከወዲሁ ይሂድ፣ የቆየ ግን ቡናው ሁለተኛ እስኪፈላና በረካው እስኪቀዳ ይታገሠኝ።

ከአዳማ መናኸሪያ እንነሣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደራ! ኢተያ! አሰላ!» እያለ ይጣራል፣ ሚኒባሱ ሞላ ሲባል ደግሞ አንዲት እናት ዶሮዋን አንጠልጥላ ትመጣለች፣ ጠጋ ጠጋ በሉላት ይባላል፣ ሰዉም ያጉረመርምና ጠጋ ይላል፣ ከዚያም ጉዞ ይሆናል። የወንጂን ሸንኮራ በቀኝ እንተወዋለን፣ አዋሽን መልካሳ ላይ እንሻገራለን፣ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚታጠፈውንም መንገድ አልፈን እንቀጥላለን፣ ከዚያም ግራሩ ሳሳ፣ ነፋሱም ሞቅ እያለ ሲመጣ ደራ ደረስን ማለት ነው።

ደራ የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። ከወዲህ ስምጥ ሸለቆው፣ ከወዲያ የአርሲ ደጋ፣ እሷ መካከል ላይ ተቀምጣ የሁለቱንም መንገደኛ ታስተናግዳለች። ዝናብ እንደ ልብ የሚገኝባት አገር አይደለችም፤ ፀሐዩ ገና ሳይከር ሴቶች ቢጫውን ጀሪካን አህያ ላይ ጭነው፣ ልጅ አዝለው፣ በአቧራው ውስጥ ሲነዱ ታያላችሁ። ከደራ ሲነሡ ደግሞ መኪናው ማቃሰት ይጀምራል፣ ኢተያ ላይ ስንዴው ይቀበላችኋል፣ ነፋሱም ይቀዘቅዝና መስኮት ዝጉ የሚል ሰው አይጠፋም፣ ከዚያ አሰላ፣ በላይዋም ጭላሎ ጉሙን ተከናንቦ ይታያል። ከአሰላ ወዲያ መንገዱ ወደ በቆጂ ይሄዳል፤ በሙኔሳ በኩል ደግሞ ቀርሳ የምትባል አለች። እኔ የማወጋችሁ ከዚህ አገር ስለተነሡ ሦስት ሴት ልጆች ነው፣ ይልቁንም ስለ አንዷና ታሪኳ በማን አፍ እንደተነገረ።

ነገር ግን መጀመሪያ ሾፌሩ የከፈተውን ሬዲዮ ስሙልኝ። በአፋን ኦሮሞ ዜና ታነባለች አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዳማ ነው፣ ሴት ዜና ስታነብም ዛሬ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ዶሮዋን የያዘችው እናት እንኳ እንቅልፍ ይዟታል። ይህ እንዲህ እስኪለመድ ግን ዘመን ሄዷል።

የአገራችን ሬዲዮ ገና ሕፃን በነበረ ጊዜ፣ ጣሊያን ሊወርረን ጦሩን በድንበር ባሰለፈበት፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ እቴጌ መነን ማይክሮፎኑ ፊት ቀርበው ለዓለም እናቶች ተናገሩ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። እስቲ ልብ በሉ፣ የእናት አቤቱታ በእናት አፍ፣ ትርጉሙም በልጅ አፍ። ዓለም ሰማና ዝም አለ፣ እሱ የዓለም ጉድ ነው፤ ሴቲቱ ግን የራሷን ነገር ራሷ ተናግራለች። ከዚያም ጣሊያን ገባ፣ ከዚያም ወጣ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ሮማነወርቅ ካሣሁን የምትባል ሴት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ድምፅዋን አሰማች፤ የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ እየተባለች የምትጠራው እሷ ናት። «ትዳር በዘዴ» የሚል መጽሐፍም ጽፋለች። በዚያ ዘመን ሴት በሬዲዮ ወጥታ ስለ ትዳርና ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ስትናገር፣ ስንት ወንድ ጋቢውን ወደ ላይ እየሳበ «ደግሞ ይቺ ማን ናት!» እንዳለ እኔ ልነግራችሁ አይገባም፣ አያቶቻችሁን ታውቋቸዋላችሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የወንድ ጉሮሮ ዘመን ነበር። ዳርዮስ ሞዲ ዜና ሲያነብ ግድግዳው ይነዝር ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ አገር ሥራ ፈትቶ ይሰማ ነበር፤ የባለታሪኳን የሰብለወንጌልን እንባ እኛ የሰማነው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ምነው ባልሰማሁ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም፤ እንደሱ ያለ ተራኪ በመቶ ዓመት አንድ ነው የሚገኘው። ብቻ ነገሩን አንሥቼ ልለፍ፦ ሴቲቱ ስታለቅስ አንደበቱ የሰው ነበር፣ እኛም ጆሯችን ይህን ለመደ።

አሁን ወደ አርሲ ልጆቼ ልመለስ።

በነሐሴ 1984 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ አሥር ሺህ ሜትሩን አሸነፈች፣ ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ የበቆጂ ልጅ ናት፣ በዚሁ መንገድ የወረደች። ከዚያም አራት ዓመት አለፈና ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በአርሲ ደጋ ዝናቡ በሚወርድበት፣ ጭቃው እግር በሚይዝበት ወቅት፣ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶን ሮጠች፤ ሁለት ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ ከአፍሪካ ሴቶችም የኦሎምፒክ ማራቶንን ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ። እሷም የአርሲ ልጅ ናት። ዓለም በቴሌቪዥን አያት፣ ስሟም ከነአባቷ ተጠራ።

በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በ1996፣ ቀርሳ ላይ ሌላ የአርሲ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አበራሽ በቀለ ትባላለች፣ ዕድሜዋም 14 ነበር። ደብተሯን ይዛ በሜዳው ስትሄድ የፈረስ ኮቴ ሰማች፣ ዞር ስትል ፈረሰኞች ናቸው፣ ከዚያም ከበቧት፣ ከዚያም ይዘዋት ሄዱ፣ ከዚያም አንድ ጎጆ ውስጥ ተቆለፈባት። ሊያገባት ያሰበው ሰው ደበደባት፣ ደፈራት። ይህ ጋብቻ ይባል ነበር፣ ወገኖቼ። ሽማግሌ ይላካል፣ ከብት ይነዳል፣ የልጅቱ አባት አንገቱን ይደፋል፣ ነገሩም በእርቅ ያልቃል፤ የእሷን ቃል የሚጠይቅ የለም። የአበራሽም ታላቅ እህት ከእሷ በፊት ተጠልፋ ነበር።

አበራሽ ግን አልተቀመጠችም። የሰውየውን ክላሽ አየች፣ አነሣችው፣ ሮጠችም። ተከተሏት። ወደ ሰማይ ተኮሰች፣ አልቆሙም፣ ቀረቧት፣ ሰውየውም ሊይዛት ሲል ተኮሰችበት፣ ሞተ። ከዚያም ሊገድሏት የመጡ ነበሩ፣ ከዚያም ፖሊስ ያዛት፤ ልጅቱ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ሽማግሎችም ተቀመጡና ቤተሰቧ ካሣ እንዲከፍል፣ እሷም ከአገሯ እንድትርቅ ፈረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የአርሲን ነገር በጠለፋ ብቻ አውቃችሁ እንዳትሄዱ። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን በወጉ ስትድር ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ያቺ በትር ጌጥ አይደለችም። አንዲት ሴት በባሏ ወይም በሌላ ሰው ስትበደል እልል ብላ ትጮሃለች፣ ጎረቤቷም ትሰማና እልል ትላለች፣ ከዚያም ከጎጆ ጎጆ ይቀባበሉና ሴቶቹ ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው፣ የሚጠባ ሕፃን እንኳ ያላት ትታ፣ ይወጣሉ፤ በዳዩ በሽማግሎች ፊት ቀርቦ ካሣውን ሳይከፍልና ይቅር በሉኝ ሳይል ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የወለደችም ሴት የወላድ ምልክት የሆነውን ቀነፋ ግንባሯ ላይ አስራ ለወራት ትከበራለች፣ እጁን የሚያነሣባት ወንድ ነውረኛ ነው። እንግዲህ ማሰራጫ ጣቢያ ሳይተከል፣ ሞገድ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ የአርሲ ሴት በደሏን በራሷ ድምፅ የምታሰማበት ሥርዓት ነበራት። ለአበራሽ ግን ይህ አልደረሰላትም። ለምን እንዳልደረሰላት የአርሲ ሽማግሎች ቢያወጉን ደስ ይለኝ ነበር።

ዜናው አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና መቋቋሙ ነበር፤ መሪዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቀድሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ማኅበሩ ለልጅቱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይነሣል፣ ያቺ ልጅ በዚያ መሃል ታድጋለች፤ በፈረንጆቹ 1998 ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ደስታው ሳይውል ሳያድር ሕግ ሆነ እንዳትሉ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳው የተደፈነው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፣ በሥራ ላይ የዋለውም ግንቦት 1 ቀን 1997። አንቀጽ 587 ለጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ያዛል፣ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም ይላል። ወይዘሮ መዓዛ ደግሞ በጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አሁን እኔ ወደምፈልገው ቦታ ደረስን።

ይህን ታሪክ ለዓለም መጀመሪያ ያሳየው የእኛ ጣቢያ አይደለም። ሻርሎት ሜትካፍ የምትባል እንግሊዛዊት መጣች፣ ቀረጸች፣ በ1999 በፈረንጆቹም በቢቢሲ ታየ። ሥራው መልካም ነው፣ ካለሱ ብዙው ነገር ይረሳ ነበር። ርዕሱ ግን ገዳይዋ ተማሪ የሚል ነው፤ ፍርድ ቤት ነጻ ያላትን ልጅ ቴሌቪዥን ገዳይ ብሎ ጠራት። ርዕስ የሚያወጣ ሰው ሁልጊዜ የሚስበውን እንጂ የሚመጥነውን አይመርጥም፣ ይህ የለንደንም የአዲስ አበባም አመል ነው።

ከዚያም ዓመታት አለፉ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ሠራ፣ አንጀሊና ጆሊም በአዘጋጅነት ስሟን አኖረችበት፤ በ2014 በፈረንጆቹ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፣ ቀጥሎም በርሊን ላይ። በአማርኛ ነው የተሠራው፣ ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሐገሬ ልጅቱን ሆነው ተጫውተዋል፣ አጨዋወታቸውም ልብ የሚነካ ነው። ጠበቃዋ በፊልሙ ውስጥ መዓዛ አሸናፊ ትባላለች፣ በስሟ። ልጅቱ ግን ሒሩት ተብላለች።

ከዚያም በነሐሴ 2006 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። እንግዳው በክብር ልብሱ መጥቷል፣ ወንበሩ ሞልቷል፣ መብራቱም ሊጠፋ ነው፣ በዚህ መካከል ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጣ፤ ፊልሙ እንዳይታይ። ከሳሿ አበራሽ በቀለ ነበረች። ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ነው ያለችው። እንግዳው አንድ አንድ እያለ ወጣ። ኋላ እግዱ ተነሣ፣ ፊልሙም ለአገሩ ሰው ታየ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ተናደደ፣ በእሷ ላይ የተናደደም ነበር፤ ይህን የመሰለ አገር የሚያስጠራ ፊልም እንዴት ታሳግዳለች ተባለ። ስም መለወጥ ልጅን ለመከለል ነው የሚልም አለ፣ እሱን አልንቀውም፤ በሕፃንነቷ ያ ነገር የደረሰባትን ሴት ፊቷንም ስሟንም መሸፈን ደግነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መሸፈንም መግለጥም የእሷ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ሳይጠይቋት በፈረስ ወሰዷት፣ አድጋ ሴት ስትሆን ደግሞ ታሪኳን ሳይጠይቋት ወሰዱት ብላ ብታዝን ምን ይገርማል? ሁለቱ በደሎች አይተካከሉም፣ አላመዛዝናቸውም፤ እሷ ግን ሁለቱንም የተሸከመች አንዲት ሴት ናት። እኔ በዚህ ነገር የአበራሽ ወገን ነኝ።

ይህ የአንድ ፊልም ጉዳይ ቢሆን ቡናችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ ባልኳችሁ ነበር። ዜና የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፣ በየአምስት ዓመቱ በብዙ አገር ተሰብስበው የአንድ ቀን ዜና ይቆጥራሉ፤ በ1995 በፈረንጆቹ በዜና ከሚነገርላቸውና ከሚናገሩት ሰዎች ከመቶ 17ቱ ብቻ ሴቶች ነበሩ፣ በ2020 ደግሞ 25 ሆኑ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ተጉዞ ከመቶ ስምንት ጨመረ፤ የእኛ አገር አህያ እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። የእኛንም ቴሌቪዥን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሴት በዘይትና በሳሙና ማስታወቂያ አለች፣ ስታጥብ ደስ ብሏት ትስቃለች። በበዓል ቀን አለች፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ቄጠማው ላይ ቡና ታፈላለች። ስታሸንፍ አለች፣ ስታለቅስ አለች። ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ደራ ውሃ፣ ስለ አዋሽ ሙላት ሲወራ ግን ጠረጴዛውን የከበቡት ከረባት ያሰሩ ወንዶች ናቸው፤ ውሃውን በአህያ የምትነዳዋ ሴት በስተኋላ በምስል ታልፋለች፣ ድምፅ የላትም።

መልካም የሆነም አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ኃጢአት ይሆንብኛል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር፣ 257 ክፍል ሄደ፤ በአፋን ኦሮሞም «ድምቢባ» ነበረ። ሴቶቹ በዚያ ውስጥ ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይመርጣሉ፤ ከአድማጭ የመጣው ደብዳቤም ከ15,000 በላይ ነበር። ተዋናይቷ ሰብለ ተፈራም ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ ገና ወጣት ሳለች እማማ ጨቤን ሆና አገሩን ሁሉ ያሳቀች፤ በ2008 አዲስ ዓመት ዕለት በመኪና አደጋ አጣናት። ከባሕር ማዶም በአሜሪካ ድምፅ ትዝታ በላቸውና አዳነች ፍሰሃዬ፣ በጀርመን ድምፅ ኂሩት መለሰና ሸዋዬ ለገሠ፣ በአጭር ሞገድ እየተንሿሿ ማታ ማታ ቤታችን ይገቡ ነበር፣ አባቶቻችንም ጸጥ በሉ እያሉ ይሰሟቸው ነበር። ሴት ጸጥ በይ በምትባልበት ቤት ውስጥ፣ ሴት ትሰማ ዘንድ ወንዱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጋዜጠኛዋን የመዓዛ ብሩን ነገር እወዳለሁ። በ2000 ዓ.ም. ከአበበ ባልቻ ጋር ሆና ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ከፈተች፣ ሚሚ ስብሐቱም በዚያው ሰሞን ዛሚ የተባለውን ሬዲዮ፤ በአገራችን የግል ሬዲዮ ሲጀመር ከደጃፉ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። መዓዛ «የጨዋታ እንግዳ» ብላ ሰው ታስቀምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያም ትታገሣለች። እንግዳው ልጅነቱን ሲፈልግ ትጠብቀዋለች፣ ሲሳሳት እንዲመለስ ጊዜ ትሰጠዋለች፣ በዚህ ሳምንት ካላለቀ በሚቀጥለው ይቀጥላል። ታሪኩ የባለቤቱ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ወንበር ለአበራሽ በጊዜው ቀርቦላት ቢሆን፣ እኔ ዛሬ ታሪኳን በእናንተ ፊት የማወጋው እሷ እንደነገረችን ብዬ ነበር።

ስለዚህ አዳማም ሆነ አዲስ አበባ ማይክሮፎንና ካሜራ ይዛችሁ የምትነሡ ልጆች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የተበደለች ሴት ዘንድ ስትደርሱ ፖሊሱን፣ ሽማግሌውን፣ ባለሙያውን ከማናገራችሁ በፊት እሷን ተቀምጣችሁ ጠይቋት፤ በስሜ ጥሩኝ ካለች በስሟ ጥሯት፣ ስሜን ሸፍኑልኝ ካለች ሸፍኑላት፣ አልናገርም ካለችም ካሜራውን አጥፍታችሁ ውጡ።